በአንቺ ስም የተቀመጠው ቁራጭ

እሑድ፣ ሰኔ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.
አዳማ

ለእታለሜ፣ ላንጋኖ ሐይቁ ዳር ላለሽበት፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው? የሆቴሉን አንሶላ ስታጥቢ ውለሽ ማታ ቀና ማለት ያቅትሻል ብሎ በእናንተ መስመር የሚመላለሰው ሾፌሩ ካሚል ነግሮኛል። በረኪናው እጅሽን አሁንም ይልጠዋል ወይስ ጓንት ሰጡሽ? እኔ አልሐምዱሊላህ አለሁ። ሱሩርም ደህና ነው፣ ሚኒባሱም ደህና ነው፤ ባሌን ስለ ጤናው ሲጠይቁት የሚመልሰው ስለ ሚኒባሱ መሆኑን ታውቂያለሽ። አማል አራት ዓመት ሞላት። አሁን ግን እዚህ የለችም፣ መቂ አያቷ ዘንድ ናት። ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

የምጽፍልሽ ስልክ ስለማታነሺ ብቻ አይደለም። ብታነሺም እኔ ማውራት አልችልም፤ ሦስት ቃል ስናገር ትንፋሼ ያልቃል። ስጽፍ ግን አያልቅም። ደግሞ ሥራዬም ይኸው ነው፤ ወረዳው በር ላይ ባለችው ኮምፒውተር ቤት ቀኑን ሙሉ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ እውላለሁ። ይህንንም ስጀምር እጄ ለምዶበት «ጉዳዩ፦» ብሎ ጻፈ፤ ቀድጄ ሌላ ወረቀት አወጣሁ። ለእህቴ ጉዳዩ ብዬ አልጽፍም። ጉዳይ ግን አለኝ፣ ከረቡዕ የማያልፍ ጉዳይ። ስለዚህ መሃል ላይ ቢከፋሽም አጥፈሽ እንዳታስቀምጪው፤ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ካሚልንም መልስሽን ሳይዝ እንዳይመለስ አስምዬዋለሁ።

ሳሌን ታውቂዋለሽ። አማል ስም በወጣላት፣ በአቂቃዋ ድግስ ቀን ጓዳ ውስጥ ስስል ሰምተሽኛል። ያን ቀን እንግዳው ምሳውን ሳይጨርስ ጫማሽን አድርገሽ ወጣሽ፤ ሱሩር ሊሸኝሽ ቢሮጥ ባጃጅ ይዘሽ ሄደሻል። ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጥሽም። እኔም ታናሿ ቀድማ ትዳር ስለያዘች፣ አሁን ደግሞ ልጅ ስለወለደች ከፋት አልኩ። ማሰብ ብቻ ሳይሆን ለጎረቤትም ተናግሬዋለሁ። አፉ በዪኝ።

ሳሉ ሲበረታ ቲቢ ነው አሉኝ። አክታዬ ሦስት ጊዜ ታይቶ ምንም አልተገኘበትም፤ ራጁ ላይ ግን ቀዳዳ ቀዳዳ ስለታየ ስድስት ወር መድኃኒት ዋጥኩ። አልተሻለኝም። ሌላ ቦታ ሄድኩ፤ እነሱም ራጁን አይተው እንደገና ስድስት ወር አዘዙልኝ። በሁለተኛው ዙር አማቴ ሑስና ከመቂ መጥተው አማልን አቅፈው ወሰዷት። ክፉ ሆነው አይደለም፤ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን የልጅ ልጄን የምትስል ሴት ጡት ሥር አልተዋትም። ግን ቤቱ ጭር አለብኝ። ልጅቷ በስልክ፣ እማ ሳልሽ አለቀ? ትለኛለች። ሊያልቅ ነው እላታለሁ። መቼ? ትለኛለች።

በጥር ወር ፕሪንተሩ ላይ ወረቀት ልጨምር ጎንበስ ስል ግራ ጎኔን አንዳች ነገር ወጋኝ። ትንፋሽ ወደ ውስጥ እምቢ አለ። ሆስፒታል ሲያደርሱኝ ሳንባሽ ተቀዶ አየር አፍስሷል፣ ተጨብጧል አሉኝ። ጎኔን በስተው ቱቦ ከተቱበት። የቱቦው ጫፍ መሬት ላይ ባለ ጠርሙስ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ በሳልኩ ቁጥር ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ዘጠኝ ቀን እሱን ስሰማ ተኛሁ። በግንቦት ደግሞ በቀኙ በኩል ያው ሆነ፣ ያው ቱቦ፣ ያው ጠርሙስ።

በግንቦቱ አንድ ነገር ሆነ። ቀትር ላይ እንቅልፍ ጥሎኝ ስነቃ በሩ ሥር ጥቁር ፌስታል ተቀምጧል። ውስጡ አንድ ትልቅ ፓፓያ አለ። ጂጂ የምትባለው ነርስ፣ ኒቃብ የለበሰች ሴት በር ላይ ቆማ ታይሽ ነበር፣ ግቢ ስላት ክፍል ተሳስቼ ነው ብላ ሄደች አለችኝ። ሱሩር የሌላ በሽተኛ ይሆናል፣ አትንኪው አለ። እኔ ግን ቆርጬ በላሁት፤ ግማሹንም ጎኔ ለተኛችው ሴትዮ ሰጠኋት።

ከዚያ ነው ዶክተር ማስረሻ የሚባለው ሐኪም እጅ የገባሁት። ገና ወጣት ነው፤ ሰው ሲያናግር ብዕሩን ያስቀምጣል፣ እዚህ ከተማ ይህ ብዙ አይገኝም። በሲቲ ስካን አነሳኝና ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፎ አሳየኝ። እታለሜ፣ ሁለቱም ሳንባዬ ውስጥ አየር የሞላባቸው ስስ ከረጢቶች አሉ፤ ትንንሽም ትልልቅም። አንቺ በምታጥቢበት ገንዳ ላይ የሚንሳፈፈውን አረፋ አስቢው። አንዱ በፈነዳ ቁጥር ነው ሳንባዬ የሚጨበጠው። ይህ የቲቢ ቀዳዳ አይመስለኝም ብሎ አዲስ አበባ ላከኝ፤ እዚያ ከሳንባዬ ትንሽ ቆርጠው መረመሩት።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ እኔንና ሱሩርን አስጠርቶ ውጤቱን ነገረን። ቲቢ አይደለም አለ። እኔ ገና ስሰማ ማልቀስ ጀመርኩ፣ የደስታ። እሱ ግን አልጨረሰም ነበር። ዕጢ ነው፤ ግን እንግዳ ዓይነት ነው፣ በዓለም ላይ የታየው በጣት በሚቆጠር ሰው ላይ ነው አለ። እዚያው ሳንባ ውስጥ የበቀለ አይመስልም። ከነዚያ ጥቂት ሰዎች ብዙዎቹ ከዓመታት በፊት ከቆዳቸው ላይ ትንሽ እብጠት አስቆርጠው ረስተውታል፤ አንዳንድ ሐኪሞች ያቺ እብጠት ናት ቀስ ብላ በደም ሄዳ ሳንባ ውስጥ ከረጢት የሠራችው ይላሉ፣ ሌሎች ገና አላመኑም። የሚለየው የቆዳውንና የሳንባውን ቁራጭ ጎን ለጎን አድርገው ሲያዩት ብቻ ነው። ይህን ከነገረኝ በኋላ፣ አንቺስ ከቆዳሽ ላይ የተቆረጠ ነገር አለ ወይ? አለኝ።

መልስ ሳልሰጠው ማዳመጫውን ጀርባዬ ላይ ሊያደርግ ልብሴን ገለጥ አደረገና እጁ ቆመ። ይህ ጠባሳ የምንድን ነው? አለ። ወላሂ ልናገር ነበር። ሱሩር ግን ቀደመኝ፤ እሱማ በልጅነቷ የተቃጠለችው ነው ዶክተር፣ የፈላ ዘይት ነው አለ። እንዴት እርግጠኛ ሆኖ እንደተናገረ ብታዪ። ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። እኔም አዎ፣ ዘይት ነው አልኩ።

ያን ዘይት ያፈላነው እኔና አንቺ ነን። ሂና ሊቀቡኝ የመጡት የሱሩር እህቶች ጀርባዬን አይተው ሲተያዩ፣ አንቺ ዓይንሽን ሳታሺ ዘይት ተደፍቶባት ነው አልሽ፤ እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። ሰው ከገላው ሥጋ አስቆርጧል ከተባለ ካንሰር ነው ይላሉ፣ ካንሰር ካሉ ሙሽራ የለም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባሌ ያንን አምኖ ኖረ፤ ይኸው በመጨረሻ ሐኪም ፊት ቆሞ ውሸቴን መሰከረልኝ። ዶክተር ማስረሻም ብዕሩን አንስቶ የቆዳ ታሪክ የለም ብሎ ጻፈ።

አሁን ነገሩ የት እንደደረሰ ልንገርሽ። ሐሙስ አዲስ አበባ ሐኪሞቹ ተሰብስበው ስለ እኔ ይወስናሉ። የቆዳው ቁራጭ ተገኝቶ ከሳንባው ጋር ከተመሳሰለ፣ ይህ ዓይነቱ ዝግ ብሎ የሚሄድ ስለሆነ እየተከታተሉ ሳንባዬን ሊተዉልኝ ይችላሉ፤ እንዲህ ሆነው ብዙ ዓመት የኖሩ አሉ አለኝ። ካልተገኘ ግን ስሙን የማያውቁትን ነገር አደገኛ ነው ብለው ነው የሚነሱት። ከግራ ሳንባዬ የታችኛውን ክፍል ቆርጠው ያወጡና ከዚያ የካንሰር መድኃኒት ይጀምሩልኛል። የሚቀረው ትንፋሽ ይበቃኛል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ልዋሽሽ አልፈልግም፣ አላውቅም አለኝ። አማቴም በበኩላቸው ቲቢ አለመሆኑን ብንነግራቸው፣ ሐኪም ሁለት ጊዜ ተሳስቷል፣ የበሽታውን ስም ሳትነግሩኝ ልጅቷን አልሰጥም ብለዋል። እውነታቸውን ነው።

እንግዲህ ዱከምን አስታውሺ። እማዬ ካረፈች በኋላ የተከራየናትን ክፍል፣ አንቺ ፋብሪካ ስትገቢ እኔ አሥራ ሁለተኛን ስደግም። እብጠቷ መጀመሪያ ምስር ታክል ነበር፣ ቡናማ፣ ጠጣር። በሁለት ዓመት ባቄላ አከለች፤ የጡት መያዣው ማሰሪያ ሲነካት ታመኛለች። ፋብሪካው ክሊኒክ ተዋውሎ ነበር፤ ለሠራተኛው እንጂ ለሠራተኛው እህት አይደለም። አንቺ ባጅሽን ከአንገትሽ አውልቀሽ አንገቴ ላይ አጠለቅሽው፤ ሻርፔን እስከ ቅንድቤ አወረድሽልኝ። የአንድ እናት ልጆች ነን፣ ማን ይለየናል አልሽ። ስምሽን ሲጠሩ ፈዝዤ እንዳልቀር መንገዱን ሁሉ ስምሽን እየጠራሽ አቤት ስታስብዪኝ ሄድን። አንዴ ሳላስበው በራሴ ስም ስትጠሪኝ ዝም አልኩ፤ በሳቅ መንገድ ላይ ቁጭ አልን። ማንን በደልን? በዚያ ፋብሪካ ባንድ ባጅ ያልታከመ ዘመድ ማን ነበር?

ቆረጡት፣ አምስት ስፌት ሰፉኝ። ቁራጩን ለምርመራ ላኩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ውጤቱን ልታመጪ አንቺ ሄድሽ፤ ባዶ እጅሽን ተመልሰሽ ስብ ነው አሉኝ አልሽ። እኔም ሳቅኩ። ያን ጊዜ እንኳንስ ጀርባዬ ድስታችንም ስብ አያውቅም ነበር።

ባለፈው ሮብ ቁራጩን ፍለጋ ወጣሁ፣ ለሱሩር ሳልነግር። ዱከም ክሊኒኩ ድረስ ሄጄ ስጠይቅ ናሙና ሁሉ የሚላከው አዳማ አንድ የግል ላቦራቶሪ ነበር አሉኝ። ስመለስ የት እንደሆነ ሳይ ደነገጥኩ፤ ከቤቴ በእግር ሩብ ሰዓት ነው፣ በፊቱ ስንቴ አልፌአለሁ። መዝገብ ክፍሉ ውስጥ ወይዘሮ ሙሉብርሃን የሚባሉ መነጽራቸውን በገመድ ያንጠለጠሉ ትልቅ ሴት አሉ። ስምሽ ማን ነው አሉኝ። ስምሽን ነገርኳቸው። ያንቺን። አፌ ላይ መጣልኝ፣ ዘጠኝ ዓመት እንዳልቆየ ሁሉ።

ሴትዮዋ መዝገብ አልገለጡም። መነጽራቸውን አድርገው ፊቴን አዩና፣ እሷን እኮ አውቃታለሁ፣ አንቺ እሷ አይደለሽም፤ ማን ነሽ አንቺ? አሉኝ።

ዱከም ላይ ሐኪም ያልለየንን፣ ዘበኛ ያልለየንን፣ እዚህ አንዲት ሴት ባንድ እይታ ለየችን። ሳሌ መጣና አልቆም አለኝ። ውሃ አመጡልኝ። ከዚያ እውነቱን ተናገርኩ፤ ባጁን፣ ስምሽን፣ ሐሙስን፣ ሁሉንም። ወይዘሮ ሙሉብርሃን፣ ለካ እንዲህ ነው አሉ፤ ከዚያም መዝገቡን አወጡ። ልሰጥሽ አልችልም፣ ባለስሟ አይደለሽም፤ ዓይንሽን ግን አልከለክለውም ብለው ገጹን ወደ እኔ አዞሩት።

ውጤቱን የወሰድሽው ግንቦት 9 ቀን 2008 ነው። ፊርማሽ አለ፣ ያ የመጨረሻው ፊደል ጅራቱ የሚረዝመው። ኮፒውን አነበብኩት። ስብ አይልም። ጠርዙ ላይ ቀሪ አለ፣ ሰፋ ተደርጎ በድጋሚ ይቆረጥ፣ ታካሚዋ ክትትል ታድርግ ይላል። ኒካዬ የታሰረው ግንቦት 20 ነው። አሥራ አንድ ቀን፣ እታለሜ። አሥራ አንድ ቀን ያንን ወረቀት ይዘሽ ቀሚሴን ስትለኪ፣ ድስት ስትበደሪ ነበር። ለአማቴ ልጅቷ ጤነኛ ናት ብለሽ በአላህ ስም ቃል የሰጠሽው ደግሞ ከዚያ በፊት ነበር። ቃልሽን ማጠፍ አቃተሽ፣ ይገባኛል። ከሠርጉ በኋላስ? ረመዳን ካለቀ በኋላስ? አንድ ዓመት ቆይተሽስ? ተናድጃለሁ። ይህን ሳልጽፍልሽ ባልፍ ሌላ ዘይት ማፍላት ነው የሚሆንብኝ።

ወይዘሮ ሙሉብርሃን ገጹን ገለጡ። አምስት ዓመት የሞላው ናሙና ይቃጠላል፣ ሕጋችን ነው አሉ። ይቺ ሴት ግን በ2013 መጥታ እንዳትጥሉብኝ ብላ ለመነች፤ ማመልከቻ አስገቢ አልናት፣ አስገባች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ትመጣለች። የናሙናውን ሳጥን አይቼ ልሂድ ትለኛለች፣ አሳያታለሁ፣ ትፈርማለች፣ ትሄዳለች። ውጤት አትጠይቅ፣ አትወስደው። እኛም የምን ሴት ናት ስንል ኖርን አሉኝ። ማመልከቻሽን አሳዩኝ። እኔ የስንቱን ማመልከቻ የምጽፍ ሰው፣ ያንቺን አንድ መስመር ደጋግሜ አነበብኩት። «ለወደፊት ለቤተሰቤ ሊያስፈልግ ስለሚችል እንዲቆይልኝ» ይላል። ሌላ ምንም የለውም። ጉዳዩ እንኳን የለውም።

ፊርማዎቹን ቆጠርኩ፣ አምስት ናቸው። የመጨረሻው የዘንድሮ ነው፣ ሐሙስ ግንቦት 14። በዚያ ቀን እኔ የት እንደነበርኩ ታውቂያለሽ።

ሌላም አነበብኩ። የውጤቱ ኮፒ ለፋብሪካው ተልኳል። ኮንትራትሽ በዚያው ሰኔ አልታደሰም። አንቺ ለእኔ የሙጫው ሽታ አስጠልቶኝ ተውኩት ነበር ያልሽኝ፤ ሐይቅ ዳር መሥራት ለጤና ጥሩ ነው ብለሽ እየሳቅሽ ሻንጣሽን አሰርሽ። በሽተኛዋ እኔ አይደለሁም ብትዪ ባጁን ማዋስሽ ሊወጣ ነው፣ ዝም ብትዪ ደግሞ ከሥራ ትወጫለሽ። ዝም አልሽ። የእኔን ዕጢ በስምሽ ተሸክመሽ ላንጋኖ ወረድሽ፤ እኔ ደግሞ አዳማ ቁጭ ብዬ ቀንታ ነው እል ነበር። ስለዚህ የተናደድኩትም እኔ ነኝ፣ ያፈርኩትም እኔ ነኝ፤ የትኛው እንደሚበልጥ እስካሁን አላወቅኩም። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። በየዓመቱ ከላንጋኖ አዳማ ድረስ መጥተሽ ሳጥን ስታዪ፣ የእኔን በር ለማንኳኳት ሩብ ሰዓት ብቻ ነው የቀረሽ። አንድ ቃል ብትነግሪኝ ምን ነበር?

ዓርብ ሱሩር ከጁምዓ ሲመለስ አስቀምጬ ነገርኩት። ጠባሳው የዘይት አይደለም አልኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ተነስቶ ወጣና ጠዋት ያጠበውን ሚኒባስ እንደገና አጠበው። እጁን እያደረቀ ገብቶ፣ ታዲያ ዶክተሩ ፊት እኔን ምን አስባልሽኝ? አለ። እራት ላይ ግን ልሂድና እህትሽን ላምጣት አለኝ። እምቢ አልኩት። እሱ በር ላይ ቆሞ ቢጠራሽ እሱን አፍረሽ ትመጫለሽ፤ እኔ እሱን አፍረሽ እንድትመጪ አልፈልግም።

የምለምንሽ ይህ ነው። ወይዘሮ ሙሉብርሃን ናሙናውን የሚሰጡት ባለስሟ ራሷ መታወቂያዋን ይዛ ስትመጣ ብቻ ነው። እዚያ ቆመሽ ይህ ሥጋ የእኔ አይደለም፣ የእህቴ ነው ብለሽ በጽሑፍ ትፈርሚያለሽ። ለዶክተር ማስረሻ ትናንት ስልክ ደውዬ የዘይቱ ነገር ውሸት መሆኑን ነግሬዋለሁ፤ እሱም፣ ናሙናው ረቡዕ ከሰዓት በፊት ከወጣ ሱሩር ይዞት ይሮጣል፣ ለሐሙስ ይደርሳል አለኝ። ባጅ ስለ ማዋስሽ የሚጠይቅሽ ሰው የለም፤ ቢኖር አብሬሽ ቆሜ ባጁ አንገቴ ላይ ነበር እላለሁ። ረቡዕ እስከ ስድስት ሰዓት ካልመጣሽ ሐሙስ ያለ እሱ ይወስናሉ።

ፊርማሽን አስመስዬ መፈረም አያቅተኝም፣ ያንን ጅራት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ወይዘሮ ሙሉብርሃን የማይኖሩበትን ቀን ጠብቄ መሄድም እችል ነበር። ወላሂ አስቤዋለሁ፣ ሁለት ቀን ሙሉ። ግን አንድ ጊዜ በስምሽ አቤት ብዬ ይኸው ሁለታችንም የደረስንበትን አየሁ። ሁለተኛ አልልም፣ ትንፋሼ ቢያልቅም አልልም። ያለሽበት ድረስ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

እፈራለሁ፣ እታለሜ። መቆረጡን እፈራለሁ። ከሁሉም በላይ አማል መጥታ ስትሮጥ ከኋላዋ መሮጥ እንዳያቅተኝ እፈራለሁ። ይህን ለሱሩር አልነገርኩትም፣ ላንቺ ነው የምነግረው። ከእማዬ በኋላ ስፈራ የምነግረው ላንቺ አልነበር?

ካሚል ነገ ይህን ያደርስልሻል፤ ማክሰኞ ሻሸመኔ አድሮ ረቡዕ ንጋት ላይ በሆቴላችሁ መገንጠያ ያልፋል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አስፋልቱ ዳር ይጠብቅሻል፤ ከፊት ያለውን ወንበር ለማንም እንዳይሰጥ ነግሬዋለሁ። ለአለቆችሽ እህቴ ታማለች በዪ፤ ይህ እንኳን ውሸት አይደለም። መታወቂያሽ ጊዜው ካለፈበት ያለፈበትንም ቢሆን ያዢው።

አላህ ወገብሽን ያበርታልሽ፣ እጅሽን ይጠግንልሽ። ያሳደግሽኝን፣ ያለበስሽኝን፣ የደበቅሽልኝንም የደበቅሽብኝንም እሱ ይመዝነው፤ እኔ መመዘን አቅቶኛል። ለወይዘሮ ሙሉብርሃን ትመጣለች ብያቸዋለሁ፤ እሳቸውም እሷማ መቼ ቀርታ ታውቃለች አሉኝ። በሰላም ያገናኘን፣ አሚን።

ታናሽ እህትሽ

ማስታወሻ፦ ከመቂ ሲያልፉ ካሚል ለፓፓያ ቢቆም አትውረጂ። የግንቦቱ ጣፋጭ ነበር፣ ጠግቤዋለሁ። በዚህ ጊዜ ባዶ እጅሽን ነይ፤ በር ላይም እንዳትቆሚ፣ ግቢ።